ስንቅ፣ ሩዝ ማሳና የተቆለፈ ሽንት ቤት፦ የጋራ ዕቅዳችን ውይይት

ጸሐፊ፣ ሰኞ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። እንደምን ሰነበታችሁ? ቃል እንደገባሁት የጋራ የጥናት ዕቅዱን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። ጥያቄያችን ያው ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው በፎገራ ሜዳ የሚማሩ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች የሆድ ትላትልና ሌሎች የአንጀት ጥገኛ ተህዋስያን ምን ያህል አለባቸው? አንድ ክፍል ውስጥ ከሚቀመጡት አንዱ ተይዞ ሌላው የሚተርፈው በምን ምክንያት ነው?

ለምን ሁለተኛ ደረጃ ላይ እንዳተኮርን አዲስ የገባችሁ አባላት ጠይቃችሁኛል። በትምህርት ቤት የሚሰጠው የትላትል መድኃኒት ዘመቻ በአገር ደረጃ የተጀመረው ኅዳር 2008 ነው። ዋና ዒላማው ከ5 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው። ልጁ 15 ሲሞላው ዘመቻው ያልፈዋል። እሱ ግን ወንዝ መሻገሩን አይተውም። ማሳ መግባቱንም አይተውም። ጉልበቱ ስለጠና እንዲያውም ከበፊቱ አብዝቶ ይገባል።

ረቂቁ ባጭሩ ይኸው። ከአራት ትምህርት ቤቶች 384 ተማሪ በዕጣ እንመርጣለን። የሰገራ ናሙና እንወስዳለን። መጠይቅ እንሞላለን። የተገኘበት ይታከማል። መጠይቁን ያዘጋጀሁት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከተለመደው ዓይነት ተነስቼ ነው፦ ቤታችሁ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ከምግብ በፊት እጅ ትታጠባላችሁ ወይ፣ ጫማ ታደርጋላችሁ ወይ፣ ጥፍር ትቆርጣላችሁ ወይ። እስከ ዓርብ አስተያየታችሁን እፈልጋለሁ። የማይሆነውን አይሆንም በሉኝ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ማክሰኞ ጠዋት

በርቺ እህቴ፣ ጥሩ ጅምር ነው። ከእኔ በኩል ሁለት ነገር አለ።

384 አይበቃንም። ይህ ቁጥር የሚመጣው ግማሾቹ ተይዘዋል ብለን ገምተን፣ የስህተቱን ልክ 5 በመቶ ላይ ስናቆም ነው። ግማሽ የምንለው ትልቁን ቁጥር ስለሚሰጠን ነው። ቀመሩ ግን እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው በዕጣ እንደወጣ አድርጎ ይቆጥራል። እኛ የምንመርጠው መጀመሪያ ክፍሉን፣ ከዚያ ተማሪውን ነው። የአንድ ክፍል ልጆች ደግሞ አንድ ሽንት ቤት ይጠቀማሉ፣ ከአንድ ቧንቧ ይጠጣሉ። ስለዚህ ይመሳሰላሉ። በ2 እናባዛው፣ 768 ይሆናል። ናሙና ሳይሰጡ ለሚቀሩት 10 በመቶ ስንጨምር 845 ይመጣል።

ሌላው ምርመራው ነው። ረቂቁ "የሰገራ ምርመራ" ብሎ ያልፈዋል። በጤና ጣቢያ የለመድነው ሰገራውን በጨው ውሃ በጥብጦ ማየት ነው። ቶሎ ከታየ በዓይን ለማይታዩት ባለ አንድ ሕዋስ ተህዋስያን፣ ለጃርዲያና ለአሜባ ይጠቅማል። የትል እንቁላሉ ጥቂት የሆነበትን ሰው ግን ያመልጠዋል። ስለዚህ ካቶ ካትዝ የሚባለውን ምርመራ እንጨምር። 41.7 ሚሊ ግራም ሰገራ በወንፊት ተጣርቶ ስላይድ ላይ ይደረጋል። የተቆጠረው እንቁላል በ24 ሲባዛ በአንድ ግራም ስንት እንዳለ ይነግረናል። ትል አለበት የለበትም ብቻ ሳይሆን፣ ምን ያህል እንደከበደበትም እናውቃለን።

አንድ መጥፎ ጠባይ አለው። የመንጠቆ ትል እንቁላል ስላይዱ ላይ ብዙ አይቆይም። ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ካላየነው ይጠፋል። እኛም "የለም" ብለን እንጽፋለን። ስለዚህ ማይክሮስኮፑ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂድ እንጂ ሰገራው ከተማ ድረስ አይጓዝ። እኔና አንድ ባልደረባዬ በቀን 60 ተማሪ እናያለን፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ስላይድ። 15 የትምህርት ቀን ይፈጃል።

ስለ አሜባ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እኛ አገር ሆዱን የቆረጠው ሁሉ "አሜባ ነው" ይባላል። በማይክሮስኮፕ ስናይ ጎጂውና ጉዳት የሌለው አሜባ መልካቸው አንድ ነው። በሪፖርታችን ለያይተን እንዳወቅን አድርገን አንጻፍ።

አባል ከሜሪላንድ፣ ማክሰኞ ማታ

ሰላም ወገኖቼ። እዚህ ያለን የአካባቢው ልጆች ተነጋግረናል። ገንዘብ እናዋጣለን። መድኃኒቱን እኛ እንግዛው። ለ845 ተማሪ ስንት ፍሬ እንደሚያስፈልግ ብቻ ንገሩን። እኔ ልጅ ሳለሁ ኮሶ ይዞኝ እናቴ የዱባ ፍሬ ወቅጣ በባዶ ሆዴ ያበላችኝን አልረሳውም። ስለ ጥሬ ሥጋስ ለምን አትጠይቁም?

ሲስተር፣ ማክሰኞ ማታ

እግዜር ይስጥልን ወንድሜ። የጥሬ ሥጋው ጥያቄ ይግባ፣ ልክ ነህ። መድኃኒቱን ግን አትግዙ። ለዘመቻ የሚሆነውን አልቤንዳዞልና ፕራዚኳንቴል አምራቾቹ በነጻ ይሰጣሉ፣ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ይመጣል። የእኛ ሥራ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄዶ 15 ዓመት ያለፋቸውም እንዲታሰቡ በጽሑፍ መጠየቅ ነው። የእናንተ ገንዘብ ለዳቦ ያስፈልገኛል።

ለምን ዳቦ? የቢልሃርዚያው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል በባዶ ሆድ ሲወሰድ ያጥወለውላል። ከዓመታት በፊት አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ሳድል አንዲት ልጅ አስመለሳት። ቀጥሎ ሦስት ልጆች ተቀመጡ። ከዚያ የክፍሉ ግማሽ ሆዱን ይዞ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ወላጆች በር ላይ ተሰብስበው "ልጆቻችንን ምን አጠጣችኋቸው?" አሉን። በኋላ ስጠይቅ ልጆቹ ጾመኞች ነበሩ፣ እህል አልቀመሱም። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ አልጠየቅናቸውም። የዚያ ሰፈር ሰው መድኃኒቱን እስካሁን በክፉ ያነሳዋል።

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ይጾማል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። የእስልምና ተከታይ ተማሪዎችም የረመዳን ጾም አላቸው። የመድኃኒቱ ቀን እነዚህን አይቶ ይቆረጥ። በዕለቱም መጀመሪያ ዳቦና ሻይ፣ ቀጥሎ መድኃኒት።

መምህር፣ ረቡዕ ሌሊት

ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅር ያለኝን ልናገር። ይህ መጠይቅ ተማሪዎቼን አያውቃቸውም።

"ቤታችሁ ሽንት ቤት አለ ወይ?" ይላል። የትኛው ቤት? ከማስተምራቸው ብዙዎቹ ከገጠር ቀበሌ መጥተው፣ ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። የእናታቸውን ቤት የሚያዩት ቅዳሜና እሑድ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌላ ኑሮ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ሦስት ቀን ስለቀረ ቤቱ ሄድኩ። ክፍሏ ሦስት በሦስት ብትሆን ነው። አራት ልጆች ይኖሩባታል። ጥግ ላይ የስንቅ ጆንያ ተቀምጧል፦ ድርቆሽ፣ በሶ፣ በላስቲክ የተቋጠረ ሽሮ። አጠገቡ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን አለ። ውሃው በገንዘብ ስለሚገዛ አንዱን ጀሪካን ለሁለት ቀን ያብቃቁታል። ከዚያው ይጠጣሉ፣ ከዚያው ያበስላሉ። ሳሙናም አለ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። የልብስ ነው።

እኔን እንግዳ ብለው በሶ ሊጨብጡ ተነሱ። አንዱ ውሃውን በጆግ ቀዳ። ሌላው እጁን በሱሪው ጠረግ አደረገና ጨበጠው። ያ ልጅ ከጎበዞቹ አንዱ ነው። የወስፋትን የሕይወት ዑደት ሥዕል ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስውቦ የሠራልኝ እሱ ነው። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል እንደምትጥል ያውቃል። "እጅህን ትታጠባለህ ወይ?" ብለው አዎ ይለኛል፣ መዋሸቱም አይደለም። ውሃ ሲኖር ይታጠባል።

ሽንት ቤቱን ጠየቅሁ። ግቢው ውስጥ አለ። ግን አከራይዋ ማታ ማታ ይቆልፉታል፣ ቶሎ እንዳይሞላ ብለው። ልጆቹ ሲመሽ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። በእኛ መጠይቅ ይህ ልጅ "ሽንት ቤት አለው" ተብሎ ይመዘገባል።

ሌላም አለ። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ይለቀቃል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ልጆቹ ወንዝ ይገባሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ይዋኛሉ። በቆዳ የሚገባው የቢልሃርዚያ እጭ ከሚያድግበት የውሃ ቀንድ አውጣ በብዛት ወደ ውሃ የሚወጣውም በዚያው ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ድረስ ነው። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ያን ጊዜ ክፍል ለመግባት ዩኒፎርም እየለበሰ ነው። "ወንዝ ትዋኛለህ ወይ?" ከምንል "በስንት ሰዓት ትገባለህ?" እንበል። ፈረቃውንም እንመዝግብ።

የጫማው ጥያቄ ደግሞ ምንም አይለይልንም። ሁሉም አዎ ይላል፣ ትምህርት ቤት በባዶ እግሩ የሚመጣ አላይም። ነሐሴ ላይ ሩዝ ማሳ አረም ሲነቅል ግን ጭቃው ጫማ ይውጣል። አውልቆ ነው የሚገባው። እስከ ጉልበቱ። ለወር።

ጡረተኛው ሳኒታሪያን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ)፣ ሐሙስ ጠዋት

መምህር፣ ዕድሜ ይስጥህ። እኔም ልጨምርበት።

በሥራ ዘመኔ ስንት ሽንት ቤት ቆጥሬአለሁ። "አለን" ይሉኛል። ስሄድ እውነትም አለ። ግን ደጁ ላይ ሳር በቅሏል፣ በሩ ላይ ሸረሪት አድርታለች። ሰው የሚመላለስበት ሽንት ቤት መንገዱ የተረገጠ ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ በዓይን የሚታየውን አትጠይቁ፣ ሄዳችሁ እዩት። ጥፍሩን እዩ። ተረከዙን እዩ። የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት በር፣ ውሃ፣ ሳሙና እዩ። ናሙና በምትወስዱበት ቀን ሳይሆን ሳይነገራቸው፣ ሌላ ቀን ሂዱ። እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ቤት ይጠረጋል።

አንድ አባል በስልክ ቀንድ አውጣውን እንዲገድልልን እንዶድ ወንዙ ውስጥ እንድንጨምር ሐሳብ አቅርቦልኛል። ሐሳቡ ከባዶ አልተነሣም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት እኛው አገር ነው። ያኮራል። ግን እንዶድ ዓሣም ይገድላል። የእኛ ወንዞች ደግሞ ጣና ይገባሉ። የዓሣ አስጋሪውን እንጀራ ነክተን ዕቅድ አይሆንም። ለሳይንስ ክበብ ታሪኩን እንንገር፣ ዕቅዱ ውስጥ አናስገባው።

ሲስተር፣ ሐሙስ ከሰዓት

ስለ ሴት ልጆቹ ማንም ስላላነሳ ላንሳ።

የትምህርት ቤቱ የሴቶች ሽንት ቤት በር ከሌለው አይገቡበትም። ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። ካልቻሉ ሦስት አራት ሆነው ወደ ባሕር ዛፉ ይሄዳሉ፣ አንዷ ትጠብቃለች። የመንጠቆ ትል እጭ ከአፈር ተነስቶ በእግር ቆዳ ነው የሚገባው፣ እርጥብና ጥላ ያለበትን መሬት ይወዳል። ከገባ በኋላ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ልጅቷ በየወሩም ደም ይፈሳታል። ክፍል ውስጥ "ሰነፍ ናት፣ ትተኛለች" የምትባለዋ ልጅ ክሊኒክ ስትመጣ የዓይኗን ሽፋን ገለጥ ባደርገው ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ። ስለዚህ የደም ማነስ ምርመራ ይጨመር። ከጣት አንድ ጠብታ ደም ነው። 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ስለሆንን ውጤቱ ለከፍታ ይስተካከል።

ሌላው አሳፋሪነቱ ነው። የ16 ዓመት ልጅ የሰገራ ዕቃ ይዞ በግቢው መሐል አያልፍም። ከጓደኛው ሰገራ ተካፍሎ ያመጣል እንጂ። ይህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የሦስት ልጆች ናሙና መልኩም ሽታውም አንድ ነበር። ዕቃው በካኪ ፖስታ ይሁን። ስም አይጻፍበት፣ ቁጥር ይበቃል። የሴቶቹን ሴት ትቀበል። ከትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት አጠገብ፣ ጠዋት ከሰልፍ በፊት።

አልቤንዳዞልን በተመለከተም፣ በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት አይሰጥም። ከተማሪዎቻችን ያገቡም አሉ። ጥያቄው ለብቻዋ፣ በሴት ባለሙያ ይቅረብላት። ሰልፍ ላይ አይሆንም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ ሐሙስ ማታ

ከ18 ዓመት በታች ላለው የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ከራሱም ይሁንታ። የተከራዮቹ ወላጆች ግን ሩቅ ናቸው። ወረቀቱን በልጁ ብንልክ ጓደኛው ይፈርምለታል። ቅዳሜ ገበያ ነው። አባት ሩዝ ሊሸጥ ይመጣል፣ እናት ስንቅ ይዛ ትመጣለች። ሁለት ቅዳሜ ገበያው አፋፍ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን እንቀመጥ። እኔ ያደግኩት እዚያው ስለሆነ አብዛኞቹ ያውቁኛል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ሐሙስ ማታ

የአባላቱ ሐሳብ ሁሉ ደስ ይላል። አንድ ስጋት አለኝ። የሜሪላንዶቹ ገንዘብ ለሽንት ቤት በርና ለውሃ ታንከር ይዋል የሚል ሐሳብ እየመጣ ነው። ጥናት እየሠራን መሐል ላይ ነገሩን ከቀየርን ምን እንደለካን አናውቅም።

ሲስተር፣ ሐሙስ ማታ

ቆጥረን ጥለናቸው ልንሄድ ነው ማለት ነው? ይህን አልፈርምበትም።

ጡረተኛው ሳኒታሪያን፣ ዓርብ ጠዋት

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ናሙናው በ15 ቀን ያልቃል። በሩና ታንከሩ በ16ኛው ቀን ይጀመር፣ በአራቱም ትምህርት ቤት እኩል። አናጺውን ከአሁኑ አነጋግራለሁ። ገንዘቡም ዕቅዱ ውስጥ ዛሬ ይጻፍ። በኋላ እናስብበታለን ከተባለ ይቀራል።

አባል ከሜሪላንድ፣ ዓርብ ጠዋት

ተስማምተናል። ዳቦውም፣ በሩም፣ ታንከሩም በእኛ።

ጸሐፊ፣ ዓርብ ከሰዓት

አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው። ረቂቁን ከሥሩ ቀይሬዋለሁ። መጠይቁ አሁን የሚጀምረው "በዚህ ሳምንት ስንት ሌሊት የት አደርክ?" ከሚለው ነው። ቀጥሎ በየቦታው ለየብቻ ይጠይቃል፦ ተከራይተህ በምትኖርበት፣ በወላጆችህ ቤት፣ በትምህርት ቤት። ሽንት ቤቱ በየትኛው ሰዓት ክፍት ነው? ጀሪካን ውሃ ለስንት ሰው፣ ለስንት ቀን? ፈረቃህ የትኛው ነው፣ ወንዝ በስንት ሰዓት ትገባለህ? ባለፈው ክረምት ስንት ቀን ማሳ ውስጥ ገባህ፣ እግርህ ላይስ ምን ነበር? ባለፈው ዓመት የትላትል መድኃኒት ወስደሃል? ጥፍርና እግር በዓይን ይታያል።

ናሙናው ጥቅምት ላይ ይሁን። ነሐሴ ላይ ማሳ ውስጥ የገባበት ቢልሃርዚያ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ስድስት ሳምንት ግድም ይፈጅበታል። ስለዚህ ያን ጊዜ ይታየናል። ከዘመቻው በኋላ ብንሄድ ደግሞ መድኃኒት የወሰደውን አይተን "ትል የለም" እንላለን። የዘመቻውን ቀን ወረዳ ሄጄ ሰኞ እጠይቃለሁ። ሕክምናው ከኅዳር 15 በፊት ያልቃል። አልቤንዳዞል ለአንድ ጊዜ መዋጡ ጅራፍ ትል ለሚባለው የአንጀት ትል እንደማያስተማምን፣ ለጃርዲያም እንደማይሆን ሲስተር በስልክ ነግራኛለች። ጃርዲያ የተገኘበት ልጅ በጤና ጣቢያ ለብቻው ይታከማል። ይህም ተጽፏል።

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ማመልከቻ በእኔ፣ የገበያው ጠረጴዛ በጤና ኤክስቴንሽን እህታችን፣ ስላይድና ወንፊት በላብራቶሪ፣ ያልተነገረ ጉብኝት በጋሼ ሳኒታሪያን። መምህር፣ የተከራዮቹን ተማሪዎች ዝርዝር ከአንተ እጠብቃለሁ።

መምህር፣ ዓርብ ማታ

ዝርዝሩን እሑድ አመጣለሁ።

ዛሬ ከትምህርት በኋላ አከራይዋን አነጋገርኳቸው። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ሽንት ቤቱን ስለመቆለፋቸው በቁጣ ይመልሱልኛል ብዬ ነበር። "አምስት ክፍል አከራይቼ አንድ ጉድጓድ ነው ያለኝ። ከሞላ ማን ያስመጥጥልኛል?" አሉኝ። ቆጠርን። ሃያ አንድ ተማሪና እሳቸው፣ በአንድ ጉድጓድ። ቁልፉን ለትልቁ ልጅ ሰጥተውታል፣ ከዛሬ ማታ ጀምሮ። ጉድጓዱ ግን እውነትም ሊሞላ ነው።

ጸሐፊ፣ መጠይቁ ላይ አንድ መስመር ጨምሪልኝ፦ ሽንት ቤቱን ስንት ሰው ይጠቀምበታል?